ስፔሻሊስት ፍለጋ በደሴና ኮምቦልቻ፦ ሪፈራል፣ የግል ክሊኒክ ወይስ አዲስ አበባ?

አንድ ክሊኒክ ካስመረረን በኋላ የምንወስደው እርምጃ ብዙ ጊዜ ከንዴት ይመጣል። አንዱ ሕክምና የሚባለውን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ሌላው በማግስቱ ሌሊት ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ ይሳፈራል። ሌላው ደግሞ ጎረቤቱ «እሳቸው ጋ ሂድ፣ እጃቸው ፈዋሽ ነው» ያለውን ሰምቶ ይሄዳል። ሐኪሙ የአጥንት ናቸው፣ የሱ ችግር ግን ሆዱ ላይ ነው።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በእህቴ ምክንያት ነው። ክብደቷ ይቀንሳል፣ ልቧ ያለ ልክ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ብርድ ባለበት ደሴ ላብ ያጠምቃታል። ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ተመላለሰች። በሄደች ቁጥር ደም ይወሰዳል፣ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ትባላለች፣ መርፌ ታዞላት ትመለሳለች። አንገቷን ነካ አድርጎ ያየ ሰው አልነበረም። የውጤት ወረቀቷን ስትጠይቅም «እኛ ጋ ይቀመጣል» አሏት። በመጨረሻ ሌላ ቦታ አንድ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት አንገቷን ዳሰሱ፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራ አዘዙ። እንቅርቷ ከልክ በላይ ይሠራ ነበር። ያለ አግባብ የወሰደችው መርፌና ያወጣችው ብር አሁንም ያናድደኛል።

«የት ልታከም?» ብለን ስንጠይቅ ሦስት ጥያቄ አንድ ላይ እየጠየቅን ነው። በሽታዬን ማን ይለይልኝ? ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ማን ይሥራልኝ? ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ማን ይከታተለኝ? ለሦስቱም አንድ ቦታ መያዝ ግዴታ አይደለም። እንዲያውም እኛ አካባቢ ለሦስቱም አንድ ቦታ መርጦ የሚሳካለት ሰው ጥቂት ይመስለኛል። ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ እናንተ ያላችሁት የትኛው ጥያቄ ላይ እንደሆነ እያሰባችሁ አንብቡ።

የትኛው ዓይነት ሐኪም?

እኛ አገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ነው። ጤና መኮንኑም ዶክተር ይባላል፣ አንዳንዴ ነርሱም። ጠቅላላ ሐኪም የሕክምና ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ነው። ስፔሻሊስት ደግሞ ከዚያ በኋላ በአንድ ዘርፍ ብቻ እንደየዘርፉ ከ3 እስከ 5 ዓመት ገደማ ተጨማሪ የሠለጠነ ነው። ሰብ ስፔሻሊስት የሚባለው ከስፔሻሊቲው በላይ አሁንም ጠበብ ባለ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በልብ ወይም በኩላሊት ብቻ፣ የሠለጠነው ነው።

ትልቅ ሰው ሆኖ የበሽታው ምንጭ ያልታወቀ ከሆነ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ጋ ጀምሩ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ልብ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ታይሮይድ፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት ሁሉ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ሐሞት ጠጠር፣ ቡአ፣ አድጎ የሚያንቅ እንቅርት ከሆነ ወደ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ይላካል። ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ነው። የልጅ ነገር ሁሉ የሕጻናት ሐኪም ጋ። ብዙ ሰው በቀጥታ ሰብ ስፔሻሊስት ይፈልጋል። እኔ አልመክርም። የልብ ምት ፍጥነት ከልብም፣ ከደም ማነስም፣ ከታይሮይድም ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ሰውነታችሁን በሙሉ የሚያይ ሰው ያስፈልጋችኋል።

አንድ ነገር ግን ከምርጫ ውጭ ነው። ድንገተኛ የደረት ሕመም፣ በአንድ በኩል ያለ የፊት ወይም የእጅ መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር፣ የነፍሰ ጡር ደም መፍሰስ ከሆነ የትኛው ሐኪም ይሻላል አትበሉ። በቅርብ ያለ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

ሪፈራል

የደሴ ሰው አሁንም «ሪፈራል» ነው የሚለው፤ ስሙ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። በአገሪቱ የጤና እርከን ላይኛው ደረጃ ላይ ያለ ሆስፒታል ነው። እንዲህ ያለ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ሰልፉ ለምን እንደዚያ እንደሚረዝም ከዚህ ቁጥር መረዳት ይቻላል። ከወሎ ብቻ ሳይሆን ከአፋርም ሰው ይመጣል።

ሰው ሪፈራልን የሚሸሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ወረፋው ነው። ሁለተኛው «ተማሪ ነው የሚያየኝ» የሚለው ነው። ወረፋው እውነት ነው፤ ጠዋት በማለዳ ካርድ ክፍል ካልደረሳችሁ ቀኑ ያልቃል። ስለ ተማሪው ግን ሐሳባችሁን እንድታስተካክሉ እፈልጋለሁ። ሬዚደንት የሚባለው በሕክምና የተመረቀ፣ ፈቃድ ያለው ሐኪም ነው፤ ስፔሻሊስት ለመሆን እየሠለጠነ ነው። ከኋላው ሲኒየር፣ ማለትም ሥልጠናውን የጨረሰ ስፔሻሊስት፣ አለ። ታሪካችሁን ከሥር ከመሠረቱ የመጠየቅ፣ ሰውነታችሁን የመመርመር ግዴታ አለበት፤ ነገ ጠዋት ሲኒየሩ ፊት ያቀርበዋልና። እህቴን ደጋግሞ ካየው ክሊኒክ ይልቅ አንድ ሬዚደንት የሚጠይቃችሁ ጥያቄ ይበዛል። ነገሩ ከበድ ያለ መስሎ ከተሰማችሁ ደግሞ በትህትና ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ሲኒየሩ ቢያዩኝ ይቻላል?» ይህ ማንንም አያስቀይምም።

የሪፈራል ትልቁ ድክመት በየቀጠሮው ሐኪም መቀያየሩ ነው። ዛሬ ያያችሁ ሰው በሚቀጥለው ወር ሌላ ክፍል ይመደባል። ስለዚህ ካርዱ ላይ ብቻ አትተማመኑ። የራሳችሁ ደብተር ይኑራችሁ፤ ምን ተባለ፣ ምን ታዘዘ፣ ውጤቱ ስንት ነበር፣ ጻፉ።

ትልቁ ጥንካሬው ደግሞ ነገሩ ሲከብድ ይታያል። ቀዶ ሕክምና ላይ ያልታሰበ ነገር ቢፈጠር ሌላ ክፍል፣ ሌላ ስፔሻሊስት፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል እዚያው ግቢ ውስጥ ናቸው። እናት ስትወልድ፣ እንቅርት ሲወጣ፣ አጥንት ሲጠገን ይህ ከንጹህ የእንግዳ መቀበያና ከሚያብረቀርቅ ወለል ይበልጣል።

ጤና መድን ያላችሁ ሰዎች ለሪፈራል ያላችሁ ምክንያት ድርብ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዷ የኛዋ ተሁለደሬ ነበረች፤ ስለዚህ ደቡብ ወሎ ውስጥ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። ግን ሁልጊዜ የሚረሳው ነገር የሪፈር (መላኪያ) ወረቀቱ ነው። መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ጤና ጣቢያውን ዘላችሁ በቀጥታ ሪፈራል ከሄዳችሁ ወጪው ወደ ኪሳችሁ ይመጣል። የመድን ደብተሩ መታደሱንም ከመታመማችሁ በፊት እዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማዋ ስትያዝ ሆስፒታሉም ተዘርፏል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተመልሷል። ቢሆንም ለአንድ የተለየ ምርመራ ብላችሁ ከሩቅ ከመምጣታችሁ በፊት «ማሽኑ ዛሬ ይሠራል ወይ?» ብላችሁ በምታውቁት ሰው አስጠይቁ።

ዓይንና ቆዳ ከሆነ

ቦሩ ሜዳን አትርሱ። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ይህ ሆስፒታል በሚስዮናውያን የተጀመረ ነው፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በማከም ስሙ የታወቀ ነበር። ዛሬም በዓይንና በቆዳ ሕክምና የሚታወቀው እሱ ነው። የሞራ ግርዶሽ ላለባቸው እናትና አባት አዲስ አበባ ከመሄድ በፊት እዚያ መጠየቅ ይገባል። በደሴ ሰው ዘንድ ከቅርብነቱ የተነሳ ይናቃል፤ በእኔ አስተያየት አግባብ አይደለም።

የግል ስፔሻሊቲ ክሊኒክ

ብዙ ጊዜ የምንጎዳውም የምንድነውም እዚህ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም።

መጀመሪያ ይህን እወቁ። ማታ በግል ክሊኒክ የሚያይዋችሁ ስፔሻሊስት፣ ቀን ሪፈራል የሚሠሩት ራሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። የምትከፍሉት ለሌላ ዕውቀት አይደለም። የምትከፍሉት ለጊዜ፣ ለአጭር ወረፋ፣ አንድ ሐኪም ደጋግሞ እንዲያያችሁ ነው። ይህ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። በሽታው ምን እንደሆነ ገና ላልታወቀ ሰው አንድ ሐኪም ቁጭ ብሎ የሚያስብለት ግማሽ ሰዓት ከምንም ይበልጣል። ስለዚህ «ማን ይለይልኝ?» ለሚለው ጥያቄ፣ ገንዘቡ ካለ፣ የኔ ምርጫ ጥሩ የግል ስፔሻሊስት ነው።

ችግሩ ታፔላው ላይ የተጻፈው ሁሉ ዛሬ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ታፔላው ስፔሻሊስት ይላል፣ ገብታችሁ የሚያያችሁ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ፦ «ሲስተር፣ ዛሬ የሚያዩኝ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቱ ራሳቸው ናቸው? በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?» ቀጥሎ፦ «ካርዱ ለስንት ቀን ያገለግላል? ውጤት ይዤ ስመለስ ድጋሚ እከፍላለሁ?» መልሱ ግልጽ ካልሆነ ውጡ። አስፋልት ላይ ሌላ ክሊኒክ አይጠፋም። የሙያ ፈቃድና የተቋሙ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ካያችሁ ቀኑን ተመልከቱ፤ ካላያችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለተኛው ችግር ላቦራቶሪው ነው። ሐኪሙ ገና ሳያናግራችሁ፣ ሳይነካችሁ፣ የደም፣ የሽንትና የሰገራ ወረቀት ከተሰጣችሁ ተጠንቀቁ። ምርመራ የሚታዘዘው ሐኪሙ አንድ ነገር ጠርጥሮ ነው። «ምን ጠርጥረው ነው ይህን ያዘዙልኝ፣ ዶክተር?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ሐኪም ይህን ጥያቄ ይወደዋል።

ስለ ታይፎይድና ታይፈስ በተለይ ልናገር፤ ቤቱ ውስጥ «ታይፎይድ አለብህ» ያልተባለ ሰው የሌለው ቤተሰብ የለምና። በየክሊኒኩ የሚሠራው ፈጣን የደም ምርመራ፣ ዊዳል የሚባለው፣ ጀርሙን ራሱን አያሳይም። የሚያሳየው ሰውነት ያመረተውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ደግሞ ከድሮ ሕመም የቀረ፣ ወይም ከሌላ ኢንፌክሽን የመጣ ሊሆን ይችላል። ለታይፈስ የሚሠራው ዊል ፊሊክስም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ ተሠርቶ «ፖዘቲቭ» ማለቱ ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም። ትኩሳት ሳይኖራችሁ ታይፎይድ ከተባላችሁ፣ መርፌውን ጨርሳችሁ ሕመሙ ያው ከሆነ፣ እንደገናም ያው ስም ከተሰጠው፣ ሐኪም የመቀየሪያው ሰዓት ያ ነው። አምስተኛውን የሴፍትሪአክሶን መርፌ (አንቲባዮቲክ) አትጠብቁ።

ቀዶ ሕክምና በግል ተቋም ካሰባችሁ ጥያቄው ይለወጣል። ማደንዘዣ የሚሰጠው ማነው? ደም ቢያስፈልግ ከየት ይመጣል? ሌሊት አጠገቤ የሚያድረው ሐኪም ነው ወይስ ነርስ ብቻ? ነገሩ ቢከብድ ወዴት ነው የምትልኩኝ? መልሱ «ሪፈራል» ከሆነ፣ ታማሚው ደግሞ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ሪፈራል መሠራቱን አስቡበት።

«ከአዲስ አበባ የመጡ ሰብ ስፔሻሊስት»

በቴሌግራምና በድምፅ ማጉያ የሚነገረውን ታውቁታላችሁ። ቅዳሜና እሁድ ይመጣሉ፣ ብዙ ሰው ያያሉ፣ ይመለሳሉ። መንገድ ይቀንሳል፣ ጥሩ ነው። ለአንድ ጥያቄ ብቻ ተጠቀሙባቸው፦ በሽታዬ ይህ ነው ወይስ አይደለም? መድኃኒት ካስጀመሯችሁ ግን ከመውጣታችሁ በፊት እዚህ የሚከታተላችሁ ማን እንደሆነ በጽሑፍ ያዙ። የጎንዮሽ ጉዳቱ የሚያስቸግር መድኃኒት ጀምራችሁ ማክሰኞ ብትታመሙ እሳቸው አዲስ አበባ ናቸው።

አዲስ አበባ

ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከታማሚው ጋር ቢያንስ አንድ ሰው ይሄዳል። የመኪና፣ የአልጋ፣ የምግብ ወጪ አለ። ዘመድ ቤት ብታርፉም እጅ ባዶ አይገባም። መንገዱ ደህና መሆኑንም መጠየቅ አለ። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ለከበደው ታማሚ እፎይታ ነው፤ ዋጋው ግን ለሁሉም አይሆንም።

መሄድ ያለባችሁ እዚህ ያለ ስፔሻሊስት «ይህ አገልግሎት እዚህ የለም» ብሎ በስሙ ሲነግራችሁ ነው። የካንሰር የጨረር ሕክምና፣ የልብ ቀዶ ሕክምና፣ ጠበብ ያለ ሰብ ስፔሻሊቲ የሚፈልግ ነገር እንደዚያ ነው። ለልጅ የልብ ቀዶ ሕክምና ለምሳሌ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው ማዕከል አለ። ለእንደዚህ ያለው ነገር የሪፈር ወረቀት፣ የራጅ ወይም የስካን ሲዲና የላቦራቶሪ ውጤት ይዛችሁ ሂዱ። ባዶ እጅ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ ደጃፍ መድረስ የከተማውን ወረፋ ከዜሮ መጀመር ነው።

በንዴት ብቻ መሄድ ግን ኪሳራ ነው። የእህቴን ልንገራችሁ። እኔ አዲስ አበባ እንውሰዳት ባይ ነበርኩ። ሐኪሟ አስረዱን። የታይሮይድ መድኃኒት ሲጀመር ደሙ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ እየታየ መጠኑ ይስተካከላል፤ በየወሩ አዲስ አበባ እየተመላለሰች ልትችለው አትችልም። ክትትሉ እዚሁ ሆነ። የማይለቅ በሽታ ያለበት ሰው፣ ስኳርም ይሁን ግፊት፣ የሚጥል በሽታም ይሁን አስም፣ ሐኪሙ ቅርብ ይሁን። እውቅ ግን ሩቅ ከሆነ ሐኪም ቀጠሮ የማይቀርበት የቅርብ ሐኪም ይበልጣል።

የኮምቦልቻ ሰው

ሐረጎን ወጥቶ ደሴ መድረስ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆንም፣ ለታመመ ሰው ጠመዝማዛው ይከብዳል። የደሴውም ብርድ ሌላ ነው፤ ጋቢ ያዙ። ስፔሻሊስቱን ለማየት ደሴ ውጡ፣ ግፊትና ስኳር መለካቱን፣ ቁስል ማሳጠቡን፣ መርፌውን ኮምቦልቻ አድርጉት። ለዚህ ግን ደሴ ያለው ሐኪም አንድ ወረቀት ላይ «ይህ ይደረግ፣ ይህ ከሆነ ወደ እኔ ይመለስ» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁ። ከከሚሴና ከባቲ በኩል ለምትመጡ፣ ታማሚው አማርኛ የማይመቸው ከሆነ አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው ይዛችሁ ግቡ። ሕመምን በራስ ቋንቋ መናገርን የሚያህል የለም።

ከመጀመሪያው ቀን ምን እንይ?

ቁጡ ሐኪም ሁሉ መጥፎ ሐኪም አይደለም፤ የሚስቅ ሁሉም ጥሩ አይደለም። ፊቱን አትዩ፣ እጁን እዩ። መረመራችሁ? የምትወስዱትን መድኃኒት ጠየቃችሁ? የበሽታውን ስም ነገራችሁ፣ ወይስ «ደህና ነሽ፣ ይህን ውሰጂ» ብቻ አለ? «ገና አላወቅነውም፣ ይህ ምርመራ ይድረስ» የሚል ሐኪም ቢያጋጥማችሁ ደስ ይበላችሁ። ወዲያው ስም ከሚሰጠው ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው።

የእህቴን ሐኪም ያመንኩት በአንድ ንግግር ነው። መድኃኒቱን ሲያዙ «ይህን ስትወስጂ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከጀመረሽ፣ ጉንፋን ነው ብለሽ እንዳትተኚ። መድኃኒቱን አቁመሽ የዚያኑ ቀን ነጭ የደም ሴልሽን ተለኪ» አሏት። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ይቀንሳል። ይህን ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያን ደቂቃ የሰጠ ሐኪም ሌላውንም አይደብቅም።

ሴቶች፣ ምርመራ ላይ ሴት ነርስ እንድትገባ መጠየቅ ትችላላችሁ። «ሴት ነርስ ትግባልኝ» ማለት ይበቃል፤ ምክንያት መስጠት አያስፈልግም።

ጸበል ለሚጠመቅ፣ ዱዓ ለሚያስደርግ ወገኔ አንድ ነገር ብቻ፦ ለሐኪሙ ንገሩ፣ መድኃኒቱን አታቁሙ። የሚጠጣ ቅጠል ካለ ደግሞ ስሙን ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ጉበትና ኩላሊት ላይ ከመድኃኒት ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ከድሮው ክሊኒክ መውጣት

አዲሱን ሐኪም ከማየታችሁ በፊት ከድሮው ወረቀታችሁን አውጡ። ጥል አያስፈልግም። «ወደ ሌላ ሐኪም ስለምሄድ የምርመራ ውጤቴን ኮፒ ስጡኝ» በሉ። ፋይሉ የእነሱ ቢሆንም ውጤቱ የእናንተ ሰውነት ነው። እምቢ ካሉ የክሊኒኩን ኃላፊ አናግሩ፤ ካልሆነ የከተማውን ጤና መምሪያ። ቀኑን፣ ያናገራችሁን ሰው ሥራና የተከፈለበትን ደረሰኝ ያዙ፤ ያለ ደረሰኝ አቤቱታ ክብደት አይኖረውም።

ወረቀቱ ጨርሶ ካልተገኘ የመድኃኒቱን ካርቶንና ባዶ ብልቃጡን ሰብስቡ። አዲሱ ሐኪም ከዚያ ብዙ ያነባል። በአንድ ገጽ ላይ ደግሞ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደተወሰደ፣ ምን መድኃኒት እንደማይስማማችሁ፣ በቤተሰብ ምን በሽታ እንዳለ ጻፉ። ማንበብ ለማይችሉ እናትና አባት ልጅ ይጻፍላቸው። ገጹን በእጃችሁ ያዙ እንጂ ካርዱ ውስጥ አትተዉት፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ሐኪም ቢያጋጥማችሁ እንደገና ያስፈልጋችኋል።